ሃፕሳሉ፣ ኒዳ፣ ፓርኑ ወይስ ዩርማላ? ጸጥ ያለች የባልቲክ ባሕር ከተማ ለምትፈልጉ

በየዓመቱ ሰኔ ሲቃረብ ስልኬ አያርፍም። ጓደኛ ይደውላል፣ የጓደኛ ጓደኛም ይደውላል። ጥያቄው አንድ ነው። "ሰው የማይበዛበት፣ ባሕር ያለው፣ ኪስ የማይጎዳ ቦታ የቱ ነው?" የምኖረው ስቶክሆልም ነው። ባልቲክን እየተሻገርኩ ኢስቶኒያን፣ ላትቪያንና ሊቱዌኒያን ደጋግሜ አይቻለሁ። ሁለት ጊዜ እናቴን ይዤ ሄጃለሁ።

ስለዚህ የማውቃቸውን አራት ከተሞች ላወዳድርላችሁ። ሃፕሳሉና ፓርኑ ኢስቶኒያ ውስጥ ናቸው። ዩርማላ ላትቪያ ነው፣ ኒዳ ደግሞ ሊቱዌኒያ።

ለሚደውልልኝ ሰው እኔም አንድ ጥያቄ አለኝ። "ዝናብ ሲዘንብ ቢውል ምን ልታደርጉ ነው?" ብዙዎች ይገረማሉ። ግን ሰው ከተማ የሚመርጠው የአሸዋውን ፎቶ አይቶ ነው። ፎቶው ላይ ሁልጊዜ ፀሐይ አለ። እዚያ ግን በሐምሌም ቢሆን ሁለት ቀን ሞቆ ሦስተኛው ቀን ዝናብ ሊሆን ይችላል። ፀሐይ ከወጣች አራቱም ደስ ይላሉ። ልዩነታቸው የሚታየው ሰማዩ ሲጠቁር ነው። ከታች የምጽፈውን ሁሉ በዚህ ዓይን አንብቡት።

አስቀድሜ ስለ ባሕሩ ልንገራችሁ። እናቴ ልጅ ሳለች ምጽዋን አይታለች። ኒዳ ስንደርስ ጫማዋን አውልቃ ውሃው ጫፍ ላይ ቆመች። ጎንበስ አለችና ጣቷን ነክራ ቀመሰችው። ዞር ብላ አየችኝ። "ይሄ ባሕር ነው እንዴ? ጨው የት አለው?" አለችኝ። ደግማ ቀመሰች። እውነቷን ነው። ቀይ ባሕር በአንድ ሊትር ውሃ ውስጥ 40 ግራም ያህል ጨው አለው። ባልቲክ በዚህ በኩል 6 ወይም 7 ግራም ቢኖረው ነው። ብዙ ወንዞች ይገቡበታል፣ ከውቅያኖስ ጋር የሚገናኘው ደግሞ በጠባብ መተላለፊያ ነው። ስለዚህ ዓይን አያቃጥልም። ገላም ላይ ጨው አይደርቅም። ግን ቀዝቃዛ ነው። በሐምሌ መጨረሻ እንኳ 20 ዲግሪ ከደረሰ ሰው ሁሉ ደስ ይለዋል። የላንጋኖን ውሃ እያሰባችሁ አትሂዱ።

ሃፕሳሉ

እንደ እኔ ከአራቱ ጸጥታዋ እውነተኛ የሆነው ሃፕሳሉ ናት። የነዋሪው ብዛት 10,000 ገደማ ነው። ከዋና ከተማዋ ከታሊን 100 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች፣ በአውቶቡስ ሁለት ሰዓት አይሞላም። አሮጌዎቹ የእንጨት ቤቶች፣ ጠባቦቹ መንገዶች፣ በሦስት በኩል የከበባት ውሃ፣ ሁሉም በእግር የሚዳረስ ነው።

አውቶቡሱ የሚያወርዳችሁ አሮጌው ለገሃር አጠገብ ነው። ወርዳችሁ ወዲያው አትሂዱ። ይሄ ጣቢያ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በሩሲያ ዘውድ ዘመን የተሠራ ነው። መሳፈሪያው ከጫፍ እስከ ጫፍ ጣሪያ ለብሷል፣ ርዝመቱ 216 ሜትር ነው። ይሄን ያህል ጣሪያ የተሠራው ንጉሠ ነገሥቱና ተከታዮቻቸው ከባቡር ሲወርዱ ዝናብ እንዳይነካቸው ነው ይባላል። የመንገደኛ ባቡር ከ1995 ወዲህ አይመጣም (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው)። ጣቢያው አሁን የባቡር ሙዚየም ነው። የድሬዳዋን አሮጌ ለገሃር የሚያውቅ ሰው እዚህ ሲቆም ሆዱ ይባባል። እኛ የደረስነው በዝናብ ነበር። ከእናቴ ጋር ያንን መሳፈሪያ ሁለቴ ሄደን ተመለስን። በላያችን ዝናቡ ጣሪያውን ይመታል፣ እኛ ግን ደረቅ ነን። የተጠረቡት የእንጨት ምሰሶዎች አንድ በአንድ ያልፋሉ። ቲኬት የለ፣ ወረፋ የለ። ከዚያ በፊት ዝናብ ላይ እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ሁለተኛው የዝናብ ቀን ሥራ ዳንቴል ማየት ነው። ሃፕሳሉ በሹራብ ሻርፕ ትታወቃለች። ሻርፑ ሰፊ ነው፣ ክሩ ግን እንደ ፀጉር የቀጠነ ሱፍ ነው። ጥሩው ሻርፕ በጣት ቀለበት ውስጥ ተስቦ ማለፍ አለበት ይላሉ። አሮጌው ከተማ ውስጥ ባለው የዳንቴል ማዕከል ሴቶች ቁጭ ብለው ሲሠሩ ታገኛላችሁ። እናቴ አንዱን አነሳችና ወደ መስኮቱ ወሰደችው። ነጠላ ስትገዛ እንደምታደርገው በብርሃን ገልጣ አየችው። ጠርዙን በአውራ ጣቷ ዳሰሰች። "ጥለቱን ለብቻ ሠርተው ነው የሰፉት" አለችኝ። ትክክል ነች። መሐሉና ጠርዙ ለየብቻ ይሠራና በመርፌ ይገጣጠማል። ሠራተኛዋ ቋንቋችንን አታውቅም፣ እኛም የእሷን አናውቅም። ሁለቱ ግን ግማሽ ሰዓት ያህል በጣት ሲነጋገሩ ቆዩ።

ሦስተኛው ጭቃው ነው። ሃፕሳሉ ከተማ ሆና የታወቀችው በባሕር ወሽመጧ ጭቃ ነው። ካርል አብርሃም ሁኒዩስ የሚባል ሐኪም በ1825 የመጀመሪያውን የጭቃ መታከሚያ አቆመ። ከዚያ በኋላ የሩሲያ መኳንንት ጎረፉ። ሙዚቀኛው ቻይኮቭስኪም በ1867 አንድ በጋ እዚህ አሳልፏል። ባሕሩ ዳር በስሙ የተሠራ የድንጋይ አግዳሚ አለ። ሕክምናው ዛሬም አለ። ጭቃው ሞቅ ተደርጎ ገላ ላይ ይቀባል፣ በጨርቅ ትጠቀለላላችሁ፣ ጥቂት ቆይታችሁ ትታጠባላችሁ። ፍል ውሃ ወይም ሶደሬ ለጉልበት ሕመም የሚሄድ ሰው ነገሩ አይከብደውም። የልብ ወይም የደም ግፊት ችግር ያለበት ግን አስቀድሞ ሐኪሙን ይጠይቅ።

ሰማዩ ሲጠራ ደግሞ ቤተ መንግሥቱ አለ። በ13ኛው ክፍለ ዘመን የተጀመረ የጳጳሳት ምሽግ ነው፣ መሐሉ ላይ ካቴድራል አለው። ስለ ነጯ እመቤት የሚነገር አፈ ታሪክ አለ። አንድ የካቴድራሉ ካህን የሚወዳትን ልጅ የወንድ መዘምር ልብስ አልብሶ አስገባት። ሲታወቅባቸው ልጅቷን ከነሕይወቷ ግድግዳ ውስጥ አነጿት። በነሐሴ ሙሉ ጨረቃ ጥላዋ በጸሎት ቤቱ መስኮት ላይ ይታያል ይላሉ። ያን ሰሞን ከተማዋ ጸጥታዋ ይቀራል፣ ሰው ይሞላል። ለጸጥታ የምትሄዱ ከሆነ ቀኑን አጣሩ።

አሁን ጉድለቷን ልናገር። ሃፕሳሉ ለዋና አትመችም። መሐል ከተማው ፊት ያለው ውሃ ጥልቀት የለውም፣ ሥሩ ጭቃ ነው። "የአፍሪካ ዳርቻ" የሚባል ቦታ እንኳ አላት፣ ስሙን ካርታ ላይ ሳይ ደንግጬ ነበር። ለመራመድ ውብ ነው፣ ለመዋኘት አይደለም። መዋኘት የሚፈልግ ከለገሃሩ ጀርባ ጥዱን አቋርጦ ፓራሌፓ ወደሚባለው አሸዋ ይሂድ። እሱም ቢሆን ትንሽ ነው። ልጆቻችሁ ከጠዋት እስከ ማታ ውሃ ውስጥ ካልሆንን የሚሉ ከሆነ ሃፕሳሉ ትሰለቻቸዋለች።

ኒዳ

ኒዳ በመልክ ሁሉንም ታስንቃለች። ያለችበት የኩሮኒያ ልሳን የሚባለው መሬት 98 ኪሎ ሜትር የሚረዝም ቀጭን የአሸዋ ዘንግ ነው። በጣም በሚጠብበት ቦታ 400 ሜትር ገደማ ብቻ ነው ስፋቱ። በአንድ በኩል ባልቲክ፣ በሌላው በኩል ጨዋማ ያልሆነ ሰፊ ሐይቅ። ሰሜኑ የሊቱዌኒያ፣ ደቡቡ የሩሲያዋ ካሊኒንግራድ ነው። ከ2000 ጀምሮ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል።

የፓርኒዲስ አሸዋ ተራራ ከባሕር ወለል በላይ 50 ሜትር ያህል ከፍታ አለው። የእንጨት ደረጃውን ስትጨርሱ ዛፉ ያልቃል፣ ነፋስ ይቀበላችኋል። ወደ ግራ ሐይቁ፣ ወደ ቀኝ ባሕሩ፣ ፊት ለፊት እስከ ድንበሩ ድረስ ባዶ አሸዋ። ጫፉ ላይ 13.8 ሜትር የሚረዝም የድንጋይ የፀሐይ ሰዓት ቆሟል። በ1999 የመጣ ማዕበል ሰብሮት ነበር፣ በኋላ ጠግነው መልሰው አቁመውታል። እናቴ ደረጃውን አራት ቦታ እያረፈች ወጣችው። ላይ ስትደርስ ምንም አላለችም። ነጠላዋን አጣፍታ ለረጅም ጊዜ ቆመች።

ከመንገዱ እንዳትወጡ የሚሉ ምልክቶች አሉ። አክብሯቸው። ድሮ ጫካው ተጨፍጭፎ አሸዋው መንቀሳቀስ ሲጀምር 14 መንደሮችን ውጧል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ሰዎች ጥድ እየተከሉ ነው ያቆሙት። ዛሬ የምታዩት ደን የሰው እጅ ሥራ ነው። ከደቡብ የመጣ የአገራችን ሰው፣ ችግኝ ተከላ የሚያውቅ፣ ይሄን ሲሰማ ሌላ ዓይን ይኖረዋል። ወደ ደቡብ በባሕሩ ዳር እየተጓዛችሁም ድንበሩን እንዳትጠጉ። የሩሲያ ወሰን ከከተማው ጥቂት ኪሎ ሜትር ብቻ ነው።

መንደሩ ራሱ ሰማያዊና ደም መሰል ቀይ የተቀቡ የዓሣ አጥማጅ ቤቶች ናቸው። ጀልባና ቤት ላይ የተቀረጹ የእንጨት ባንዲራዎች ታያላችሁ። ከ1844 ጀምሮ እያንዳንዱ መንደር ጀልባው ላይ የራሱን ምልክት እንዲሰቅል ታዝዞ ነበር፤ ማን የት እንዳጠመደ ለመለየት ነው። አጥማጆቹ በኋላ ቤት፣ ቤተ ክርስቲያን፣ ፈረስ እየቀረጹ አስጌጡት። ዓሣውን ደግሞ ቤታቸው ግቢ ውስጥ ያጨሱታል። ሽታው ከሩቅ ይጠራችኋል። ቆዳው ወርቅማ ሆኖ፣ ገና ሞቅ እንዳለ፣ በወረቀት ጠቅልለው ይሰጧችኋል። በእጅ ነው የሚበላው። አጥንቱን እያወጣችሁ፣ ከጥቁር ዳቦ ጋር። ከማንኛውም ሬስቶራንት እሱን እመርጣለሁ።

ዝናብ ከመጣስ? የጀርመኑ ደራሲ ቶማስ ማን ከ1930 እስከ 1932 በጋውን ያሳለፈበት ቤት ሙዚየም ነው። የአጥማጆች አሮጌ ቤትና የአምበር፣ ማለትም ድንጋይ የሆነ የዛፍ ሙጫ፣ ማሳያም አለ። ከዚያ በኋላ የሚታይ ብዙ የለም፣ ሁሉንም እስከ ምሳ ትጨርሱታላችሁ። ስለዚህ ኒዳ ለአንድ ሌሊት አትሂዱ። ቢያንስ ሦስት ሌሊት ያዙ። ከሦስቱ አንዱ ፀሐይ ቢሆንላችሁ እንኳ ይበቃችኋል።

መንገዱን ደግሞ በደንብ ልብ በሉ። ከክላይፔዳ ከተማ በጀልባ ማዶ ልሳኑ ላይ ወዳለችው ስሚልቲኔ ትሻገራላችሁ፣ ደቂቃዎች ነው የሚፈጀው። ግን የጀልባ መነሻው ሁለት ነው። አሮጌው ለእግረኛና ለብስክሌት ነው፣ አዲሱ ለመኪና። ሁለቱ ይራራቃሉ፣ ማዶም የሚያደርሱት የተለያየ ቦታ ነው። መጀመሪያ የሄድን ጊዜ አዲሱን ይዤ ተሻገርኩና እናቴን ከነሻንጣዋ ብዙ አስኬድኳት። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። በእግር ከሆናችሁ "አሮጌው ጀልባ" በሉ። ከዚያ እስከ ኒዳ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፣ አውቶቡስ አለ። መኪና ይዛችሁ ከሆነ መግቢያ ይከፈላል፣ በበጋ ዋጋው ይጨምራል። ማደሪያም በሐምሌና በነሐሴ ከአራቱ ውዱ እዚህ ነው። ግንቦት መጨረሻ ወይም መስከረም መጀመሪያ ብትሄዱ ያው ውበት በርካሽ ታገኛላችሁ። በብርዱ ወራት ግን ብዙው ቤት ይዘጋል።

ፓርኑ

ፓርኑን ኢስቶኒያኖች የበጋ ዋና ከተማችን ይሏታል። 40,000 ያህል ሰው ይኖርባታል። በታሊንና በላትቪያ ዋና ከተማ በሪጋ መሐል ስለሆነች አውቶቡስ በሽ ነው፣ ከሁለቱም ሁለት ሰዓት ተኩል ቢፈጅ ነው። ጸጥ ያለች ናት? በሐምሌ ቅዳሜ አይደለችም። በሳምንቱ መሐል ወይም በሰኔ መጀመሪያ ግን እርጋታ አለ።

ትናንሽ ልጆች ያላቸው ሰዎች ሲደውሉልኝ ሳላመነታ ፓርኑ እላለሁ። አሸዋው ሰፊና ለስላሳ ነው። ውሃው ጉልበት ድረስ ሆኖ ሩቅ ይሄዳል። የሦስት ዓመት ልጅ ስትጫወት እናቷ ልቧ አይሰቀልም። ለሴቶች ብቻ የተከለለ የባሕር ዳርቻም አላት፣ ከድሮ ጀምሮ የኖረ ነው። ከወንድ ዓይን ርቀው ፀሐይ መሞቅ ለሚፈልጉ እህቶች ይሄ ትልቅ ነገር ነው። ዝናብ ሲመጣ የቤት ውስጥ መዋኛና የጭቃ መታከሚያ አለ። ነጩ የጭቃ መታከሚያ ሕንፃ በ1920ዎቹ የተሠራ ነው፣ ሲመሽ መብራቱ ያምራል። በ1768 የተጠናቀቀ የቅድስት ካትሪን የሩሲያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያንም አለ። ሥርዓቱ ከእኛ ይለያል፣ ግን ሻማ አብርቶ ዝም ብሎ ለመቆም የሚከለክል የለም።

ዩርማላ

ዩርማላ ለአንድ ቀን ናት። ከሪጋ ባቡር ይዛችሁ ማዮሪ ጣቢያ ለመውረድ ግማሽ ሰዓት ገደማ ነው። ዮማስ የሚባለው የእግረኛ ጎዳና፣ የተጠረቡ የእንጨት ቪላዎች፣ ማለቂያ የሌለው አሸዋ። ሙቀት ባለበት ቅዳሜና እሑድ ሪጋ ተነቅላ ትመጣለች። ዝናብ ከመጣ መፍትሔው ቀላል ነው፤ ባቡሩን ይዛችሁ ተመለሱና ሪጋ ገበያ ግቡ። በድሮ የአየር መርከብ መጠለያ ብረት የተሠሩ አምስት አዳራሾች ናቸው፣ ከ1930 ጀምሮ ይሠራሉ። መርካቶን የናፈቀ ሰው ግማሽ ቀን አይበቃውም። መኪና ይዞ ዩርማላ የሚገባ በበጋ ወራት ይከፍላል፣ በባቡር ሂዱ።

ከመቁረጣችሁ በፊት

ጾም ያዡ ቀን ቆጥሮ ይሂድ። ፍልሰታ ከነሐሴ 1 እስከ 15 ነው፣ በእነሱ ከኦገስት 7 እስከ 21። ዋናው የጉብኝት ጊዜ ማለት ነው። ኒዳ ዋናው ምግብ ዓሣ ነው። የሊቱዌኒያው ሮዝ የቀይ ሥር ሾርባ የጾም ይመስላል፣ ግን እርጎ መሰል ወተት አለበት። ጥቁር ዳቦ፣ ድንች፣ እንጉዳይና የጫካ ፍሬ በየቦታው አለ። ድንቹ ላይ ቅቤና ጎምዛዛ ክሬም እንዳያደርጉ አስቀድማችሁ ተናገሩ። ወጥ ቤት ያለው ማደሪያ መያዝ ይቀላል፤ እኔ ሽሮና በርበሬ ይዤ ነው የምሄደው።

መዥገርን አትናቁት። በዚያ አካባቢ የአንጎል ሕመም የሚያስተላልፍ አለ፣ ክትባትም አለው። ጫካና ረጅም ሣር ውስጥ ከገባችሁ ማታ ማታ የልጆቹን ብብት፣ ከጉልበት ጀርባና አንገት ተመልከቱ። በሞቃታማ ሳምንት ደግሞ ውሃው ላይ አረንጓዴ ሽፋን (አልጌ) ካያችሁ ልጅ አታስገቡ፣ መርዛማ ሊሆን ይችላል።

በሰኔ ሃፕሳሉና ፓርኑ ፀሐይ የምትጠልቀው በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 4 ሰዓት ተኩል አካባቢ ነው። ልጅ ማስተኛት ፈተና ነው። የዓይን መሸፈኛ ጨርቅ ያዙ።

ሦስቱም አገሮች ሸንገን ናቸው፣ ገንዘባቸውም ዩሮ ነው። ከአዲስ አበባ ወይም ከባሕረ ሰላጤው አገሮች የምትመጡ አንድ ቪዛ ለሦስቱም ያገለግላል። አውሮፓ ሸንገን አገር መኖሪያ ፈቃድ ያለው ሌላ ቪዛ አያስፈልገውም፣ ፈቃዱንና ፓስፖርቱን ግን አብሮ ይያዝ።

ሰዎቹ መንገድ ላይ ሰላም ባይሏችሁ ቅር አይበላችሁ። ልማዳቸው ነው። እናንተ ቀድማችሁ በሉ። ኢስቶኒያ "ቴሬ"፣ ላትቪያ "ላብዲየን"፣ ሊቱዌኒያ "ላባ ዲየና"። ፊታቸው ወዲያው ይፈታል።

እናንተ ማን እንደሆናችሁ ስለማላውቅ የራሴን ብቻ ልንገራችሁ። ከወላጅ ጋር፣ በተለይ ጉልበት የሚያማቸው እናት ወይም አባት ካሉ፣ ሃፕሳሉ አራት ሌሊት። ሁለት ሆናችሁ፣ ብስክሌት የምትወዱ ከሆነ፣ ኒዳ ሦስት ሌሊት፤ እስከ ዩኦድክራንቴ መንደር 30 ኪሎ ሜትር ያህል በጥድ መሐል የሚሄድ የብስክሌት መንገድ አለ። ልጆች ካሉ ፓርኑ፣ ከሰኞ እስከ ሐሙስ። ሪጋ ለሌላ ጉዳይ የሄደ ሰው ዩርማላን በከሰዓት በኋላ ይያት።

ዘንድሮ እናቴን ጠየቅኳት። "ኒዳ ይሻልሻል ወይስ ሃፕሳሉ?" ትንሽ አሰበች። "ያቺ ሻርፕ የምትሠራው ሴትዮ አሁንም አለች?" አለችኝ። ለመስከረም የሃፕሳሉን ማደሪያ ያዝኩ፣ ከለገሃሩ አጠገብ።